ካሜራ እንጀራ ይሆናል ወይ?

(በተማሪዎች ማኅበር የፎቶግራፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ አርእስት ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያወጣሁትም እኔ አይደለሁም። ካሜራ በአንገቱ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የገባ ተማሪ ሁሉ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ አፍ የሰማው ነው። «ለመሆኑ ልጄ፥ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ከሰርግ ወደ ሰርግ ለመዞር ነው?» ይሉታል። እኛም ይህን ስንሰማ ሽማግሌዎች ሥነ ጥበብ አይገባቸውም ብለን ፈገግ እያልን እናልፋለን። እኔ ግን ዛሬ ከሽማግሌዎቹ ጎን ለመቆም ነው የመጣሁት። አባት የሚጠይቀው ስለ ሥዕሉ ውበት አይደለም። ልጁ አርባ ዓመት ሲያልፈው፥ ጉልበቱ ሲደክም፥ በምን እንደሚተዳደር ነው የሚጠይቀው። ይህን ጥያቄ በቅጡ ያልመለሰ ፎቶ አንሺ ሥራ አለው ይባል ይሆናል እንጂ ሙያ አለው ለማለት ያስቸግራል።

ጉዳዩ ለእኛ የጨዋታ ማጣፈጫ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል በመጪው የምረቃ ሰሞን ካባ የሚለብሱ አሉ። ከእነርሱም ውስጥ መሥሪያ ቤቶች በተማሩት ትምህርት እስኪፈልጓቸው ድረስ በካሜራ ለመኖር የቆረጡ፥ አንዳንዶቹም ለዘለቄታው ይህንኑ ሊይዙ ያሰቡ እንዳሉ ነግረውኛል። ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ የምንነጋገርበት ሌላ ቀን አለን፤ ዛሬ ስለ እንጀራ እንነጋገር።

ፎቶ አንሺነት በአገራችን ከመነሻው የተናቀ ሥራ አልነበረም። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ በሃያኛው ምእተ ዓመት መባቻ አዲስ አበባ ገብተው የዓፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ። ሥራውም ከእርሳቸው ወደ ልጆቻቸው ተላልፎ እስከ ዓፄ ኀይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ በቤተሰቡ እጅ ቆይቷል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ካሜራ ሥራ ከአንድ ትውልድ በላይ መኖሩን ልብ በሉ። እርግጥ ነው፥ ንጉሥን ደንበኛ ያደረገ ሰው ስለ ነገ ብዙ አይጨነቅም።

የቀሩት ፎቶ ቤቶች ግን የኖሩት በጉርድ ፎቶግራፍ ነው። በመስኮታቸው ላይ የሚሰቀለው የሙሽሮች ትልልቅ ሥዕል ነው፤ የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው ግን ለትምህርት ቤት፥ ለቀበሌና ለሥራ ማመልከቻ ሦስት በአራት ጉርድ ሊነሣ የመጣው ሰው ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ቅጽ ባወጣ ቁጥር ፎቶ ቤቱ እንጀራ ያገኝ ነበር። አሁን ይህ በር እየጠበበ ነው። በፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ላይ ፎቶውን የሚያነሣው መዝጋቢው ራሱ ነው፤ ለቀረው ጉዳይ ደግሞ በየኪሱ ስልክ አለ። ይህም አልበቃ ብሎ ያልነበረን ሰው ባልነበረ ቦታ አቁሞ የሚያሳይ ኮምፒዩተር መጥቷል። በዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ አያዋጣም። የሚያዋጣው ሰው ለፎቶግራፍ ገንዘቡን የሚያወጣው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ከፓሪስ ወይም ከኒው ዮርክ አይደለም፤ ከማሊ ዋና ከተማ ከባማኮ ነው። የባማኮ ደንበኛ እንደ እኛው አገር ደንበኛ ኪሱን ሁለት ጊዜ ዳስሶ የሚከፍል ነውና ትምህርቱ ይቀርበናል። (ስለ ውጭ አገር ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሴዱ ኬይታ የተባሉት ፎቶ አንሺ በ1948 በባማኮ ፎቶ ቤት ከፈቱ። አስቀድሞ የተማሩት የእንጨት ሥራ ነው። ወደ ፎቶግራፍ የሳባቸው በልጅነታቸው፥ በ1935፥ አጎታቸው ከሴኔጋል ይዞላቸው የመጣው ትንሽ የኮዳክ ካሜራ ነው። ደንበኛው ወደ ቤታቸው ሲገባ የሚለብሰው የአውሮፓ ልብስ፥ በእጁ የሚያስረው ሰዓት፥ በኪሱ የሚሰካው ብዕር፥ የሚደገፈው ሬዲዮ፥ ስኩተርም ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ኋላ የገዙት አውቶሞቢል እንኳ ከደንበኞቹ ጋር ፎቶ ይነሣ ነበር። አቀማመጡን የሚመርጡለት፥ አገጩን ቀና፥ ትከሻውን ዘወር የሚያደርጉት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ይህ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለወረቀቱ አይደለም። ራሱን በሚመኘው መልክ ለማየት ነው የሚከፍለው። ጓደኛው በስልክ ሲያነሣው ይህን አያገኝም፤ ጓደኛው ያው እንደሚያውቀው አድርጎ ነው የሚያነሣው።

የሰውዬው ቁጠባም ያስደንቃል። ፊልም ውድ ስለ ነበረ ብዙውን ጊዜ ለአንድ አቀማመጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያነሡት። ኔጋቲቩ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ ሥዕሉ ሳይጎላ በዚያው መጠን ወረቀት ላይ ይታተማል። ከጀርባ ለመጋረጃ የአልጋ ልብስ ይሰቅሉ ነበር፤ እርሱንም በየሁለት ሦስት ዓመቱ ስለ ለወጡት በኋላ ዘመን ሥዕሎቹ መቼ እንደ ተነሡ ለማወቅ የረዳው ይኸው መጋረጃ ነው። እኛ በአንድ ከሰዓት ሺህ ጊዜ ተኩሰን፥ ማታ ከሺሁ አንድ የሚሆን ስናጣ የምንናደድ ልጆች ይህን ብናስብበት አይጎዳንም።

ማሊ ነፃ ከወጣች በኋላ ኬይታ የመንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ የገዛ ፎቶ ቤታቸውም ተዘጋ። ኔጋቲቮቻቸውን ግን አልጣሉም። በ1991 ሥዕሎቻቸው በኒው ዮርክ ለሕዝብ ሲታዩ ያነሣቸው ሰው ስም አልተጻፈም ነበር። በ1994 ግን በፓሪስ በካርቲየ ፋውንዴሽን በስማቸው ታዩ፤ ከዚያ ወዲህ ታላላቅ ሙዚየሞች ገዝተው አኑረዋቸዋል። በጥቂት ፍራንክ የተነሣ ሥዕል ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ ዋጋ አወጣ ማለት ነው፤ ያወጣውም ኔጋቲቩ በሣጥን ስለ ተቀመጠ ነው። ነገሩ ሁሉ በደስታ ተፈጸመ ግን አልልም። በ2001 ከሞቱ በኋላ በኔጋቲቮቹ ባለቤትነት ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለ ውል ስንነጋገር ይህን አስታውሱልኝ።

የዚያው ከተማ ሌላው ታዋቂ ሰው ማሊክ ሲዲቤ ናቸው። በ1958 የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። ኬይታ ደንበኛውን በቤታቸው ሲጠብቁ ሲዲቤ ደግሞ ወደ ደንበኛው ሄዱ። ቅዳሜ ማታ ወጣቶች በሚጨፍሩበት ሁሉ ካሜራቸውን ይዘው ይገኛሉ፤ ከዚያም ያን ሌሊት ፊልሙን ያጥቡታል። ትንንሾቹን ሥዕሎች በወረቀት ላይ ለጥፈው በፎቶ ቤቱ ደጅ ያወጧቸዋል። ጨፋሪው ሁሉ ራሱን ፍለጋ ይመጣል፤ ካገኘም ያዝዛል። የቸኮለን ሰው ስሜት ሳይበርድ መሸጥ ማለት ይህ ነው። እኛ የሰርግ ሥዕል ከሦስት ወር በኋላ ስናስረክብ፥ ሙሽሮቹ የመጀመሪያውን ጠባቸውን ተጣልተው ታርቀው ይጠብቁናል!

ዘመኑ ተለውጦ የቀለም ፊልም የጥቁርና ነጩን ገበያ ሲወስድባቸው ደግሞ ሲዲቤ ካሜራ ይጠግኑ ነበር። በ2007 የቬኒስ ቢየናሌ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በወርቅ አንበሳ ሲሸልም፥ ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ እርሳቸው ነበሩ። ታላቁ ሰው በዊንችና በዘይት እጃቸውን ማቆሸሻቸው አላሳነሳቸውም። ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ በአዲስ አበባ ሌንስ ከፍቶ ሻጋታውን የሚያጸዳ ሰው የፈለገ አለ? የፈለገ ያውቃል። እዚያ ላይ አንድ ሙያ ባለቤት አጥቶ ተቀምጧል።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንመለስና ስለ ዋጋ እንነጋገር። በመካከላችን ዋጋ የሚተመነው እገሌ ስንት ጠየቀ ተብሎ፥ ከዚያ ላይ ትንሽ ተቀንሶ ነው። እስቲ በዚህ ፈንታ እርሳስ ይዘን እናስላ። ለስሌት እንዲቀለን አንድ ካሜራ 200,000 ብር ተገዛ እንበል። የካሜራው ሸተር ዕድሜ አለው፤ በብዙዎቹ መካከለኛ ካሜራዎች ላይ ፋብሪካው የሚገምተው ከ100,000 እስከ 200,000 ጊዜ ነው። እኛ 150,000 እንበል። በአንድ ሰርግ 3,000 ጊዜ የሚተኩስ ሰው በ50 ሰርግ ይጨርሰዋል። 200,000 ብር ለ50 ሲካፈል 4,000 ብር ነው። ስለዚህ ሌንሱን፥ ፍላሹን፥ ባትሪውን፥ ኮምፒዩተሩንና ታክሲውን ሳንቆጥር በእያንዳንዱ ሰርግ የ4,000 ብር ካሜራ በልተናል። ሰርጉን በ8,000 ብር የተዋዋለ ልጅ እኩሌታው የእርሱ ገንዘብ አይደለም፤ የሚቀጥለው ካሜራ ገንዘብ ነው። የሚቀጥለውም ካሜራ በድሮው ዋጋ አይገኝም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ሁላችንም አይተናል። ያን ጊዜ ለካሜራው መተኪያ ያላስቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ የሚሠሩት በተከራዩት ካሜራ ነው።

ሌላው ሒሳብ የቀን መቁጠሪያ ነው። በእኛ አገር ሰርግ እንደ ዝናም ወቅት አለው። ከጥምቀት በኋላ ጥርን ሙሉ ሰው ያገባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን በሩ ይዘጋል። ከትንሣኤ በኋላ ተከፍቶ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ከዚያ ክረምት ነው፤ ከኅዳር አጋማሽም የነቢያት ጾም አለ። የእስላም ወንድሞቻችን ሰርግም በረመዳን ይቆማል። በጥር ወር ገንዘብ እንደ ወንዝ ውኃ የሚፈስስለት ልጅ በመጋቢት የቤት ኪራይ ብድር ሲጠይቅ የምናየው ስንፍና ስላለበት አይደለም፤ የጥርን ገንዘብ የጥር ገንዘብ ብቻ አድርጎ ስለ ቆጠረው ነው። ገበሬ አባቶቻችን የመከሩን እህል በጎተራ ከትተው እስከሚቀጥለው መከር በመስፈሪያ ያወጡት ነበር። የሰርግ ፎቶ አንሺም ገበሬ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለተኛ እግር ያስፈልጋል። ሁለተኛው እግር ምን ይሁን? እንደየሰዉ ነው። ለሆቴልና ለምግብ ቤት የምግብ ሥዕል ማንሣት፥ ለድርጅቶች የመስክ ሪፖርት መሥራት፥ ለጋዜጣና ለዜና ወኪል መላክ፥ ማስተማር፥ መጠገን አለ። ከእኛው ሰዎች ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። ሚካኤል ፀጋዬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል የተመረቁ ናቸው፤ የዘይት ቀለም ለሰውነታቸው አልስማማ ቢላቸው ወደ ካሜራ ዞሩ፤ የሠዓሊ ዓይናቸውን ግን ይዘውት መጡ። ሙሉጌታ አየነ የዜና ሰው ናቸው፤ በ2019 ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ስፍራ ያነሡት የሐዘን ሥዕል በ2020 በዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ተሸልሟል። አይዳ ሙሉነህ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፥ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሆነው ሠርተው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዐውደ ርእይ መሠረቱ። ሥዕል መሥራትን፥ ማስተማርንና ዐውደ ርእይ ማዘጋጀትን በአንድነት ይዘው መሄዳቸውን ነው እኔ የማደንቀው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደርሻለሁ። ከእኛ በፊት የተመረቀ አንድ ጓደኛችን አለ። አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) ለዓመታዊ ሪፖርቱ ፎቶ እንዲያነሣለት አዝዞት ነበር። ልጁ ሦስት ሳምንት ገጠር ለገጠር ዞሮ አነሣ፤ ሥዕሎቹን ሁሉ በሀርድ ዲስክ አስረከበ፤ የተስማሙበትን ገንዘብም ተቀበለ። በዓመቱ እነዚያው ሥዕሎች በቀን መቁጠሪያ ላይ፥ በመንገድ ዳር በቆሙ ትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ ወጡ። ስሙ የትም የለም። ሄዶ ቢጠይቅ «ከፍለንሃል» አሉት። እርሱም ተናድዶ ወደ ሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን መጣ፤ አብረን አዋጁን አገላበጥን። ሕጉ ግን ስለ ገንዘቡ ነገር ከድርጅቱ ጋር ሆኖ ተገኘ!

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። በሥራው ላይ ስምህ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ያንተው ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን አብሮ ሄዷል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። የእኛ እንጀራ ያለው እዚያች ሐረግ ውስጥ ነው። ስምምነቱን ካልጻፍን ሕጉ ለእኛ ፈንታ ይጽፈዋል፤ የሚጽፈውም ለአዛዡ ነው።

የሚጻፈው ነገር ብዙ አይደለም፤ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ሥዕሎቹ ለየትኛው ሥራ፥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግሉ፤ ለሌላ ሥራ ሲፈለጉ እንደ ገና ስምምነት እንደሚደረግ፤ መብቱ የፎቶ አንሺው ሆኖ እንደሚቆይና ስሙ እንደሚጻፍ፤ ቀብዱ ስንት፥ የቀረው መቼ እንደሚከፈል። ሁለቱም ይፈርማሉ። የሚፈረመውም ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። በእኛ አገር ሰውን «እንፈራረም» ያሉት እንደ ሆነ ተጠረጠርሁ ብሎ ይቀየማል። ደንበኛው የአክስት ልጅ የሆነ እንደ ሆነማ ጉዳዩ ቤተ ዘመድ ያስሰበስባል። ይህ እውነት ነው። እኔ ያየሁት ጥሩ ዘዴ አንድ ሴት ጓደኛችን የምታደርገው ነው። ለዘመድም ቢሆን ሙሉውን ዋጋ ጽፋ፥ ከሥሩ «ከእኔ ለሙሽሮቹ የተሰጠ ስጦታ» ብላ የቀነሰችውን ታስቀምጣለች። ዘመዱ ወረቀቱን ሲያይ አይቀየምም፤ እንዲያውም ስጦታው ስንት እንደ ሆነ ለሰው ያሳያል። ሥራዋም ዋጋ እንዳለው በዘመድ አዝማድ ተወራላት።

እኛም በበኩላችን የሰውን መብት መጠበቅ አለብን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፥ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም፥ ማባዛትም፥ መሸጥም አይቻልም ይላል። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ለተደረገ ነገርና ለመሳሰለው የተለየ ድንጋጌ አለ፤ የሙሽራዪቱ ጓዳ ግን አደባባይ አይደለም። ሙሽራዪቱን ሳይጠይቁ ሥዕሏን በቴሌግራም ለማስታወቂያ የሚለጥፉ ልጆች አሉ። «ይፈቀዳል» የምትል አንዲት መስመር ያችው ውል ላይ ብትጨመር ነገሩ ያልቃል። የማትፈቅድ ከሆነም አለመፍቀዷ ይጻፍ።

ቀጥሎ ያለው ሣጥኑ ነው። ኔጋቲቭ ስል በዛሬው ጊዜ ፋይሉን ማለቴ ነው። ኬይታ በሣጥን ያኖሩት ሰሌሎይድ ነበር፤ የእኛ አንድ ኩባያ ቡና ሲደፋበት የሚጠፋ ዲስክ ነው። ሁለት ቅጂ ይኑር፤ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ከእናት ቤት የተሻለ መጋዘን አላየሁም። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑ፥ ቦታውና የሰዎቹ ስም ይጻፍ። ስም የሌለው ሥዕል ከሃያ ዓመት በኋላ ማንም አይገዛውም፥ ምክንያቱም ማን እንደ ሆነ ለገዢው የሚነግረው የለም። በአዋጁ መሠረት የፎቶግራፍ መብት የሚጠበቀው ሥዕሉ ከተሠራ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። ሌላው ድርሰት ደራሲው ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ሲጠበቅ የእኛ በ25 ዓመት መቁረጡ ለምን እንደ ሆነ እኔ አይገባኝም፤ ማኅበራችን አንድ ቀን ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ነው። ቢሆንም ዕድሜያችንን ቁጠሩ። ዘንድሮ በ22 ዓመታችን ያነሣነው ሥዕል እስከ 47 ዓመታችን ድረስ የእኛ ነው። በአርባ ዓመትህ ምን ትበላለህ ብለው ለጠየቁት አባት መልስ መስጠት የሚጀመረው እንግዲህ በዚህ ዓመት ነው።

አራት ኪሎም ሆነ ጅማ፥ የምረቃ ዕለት በየግቢው በር ላይ የሚቆሙትን ፎቶ አንሺዎች አይታችኋል። ከእነርሱ ውስጥ ያነጋገርኋቸው ጥቂቶቹ የአምና ተመራቂዎችን ሥዕል አጥፍተው ሚሞሪውን ለዘንድሮው ባዶ አድርገው ነው የመጡት። ከእነዚያ ተመራቂዎች አንዱ ነገ ሚኒስትር፥ አንዷ ሳይንቲስት ብትሆን፥ በካባ ቆመው የሳቁበት ሥዕል ወዴት ይገኛል? አንሺው ዘንድ የለም።

የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን የጻፉት የውል ናሙና ከሚቀጥለው እትም ጋር ተባዝቶ ይታደላል። ቅዳሜ ሰርግ ያለባችሁ ግን እስከዚያ አትጠብቁ፤ ናሙናው በክበቡ ጸሐፊ እጅ ስላለ ከስብሰባው በኋላ በእጅ መገልበጥ ትችላላችሁ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፥ የጸሐፊው ባለፈው ጠፍቶባቸዋል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ።